የሽንት ቤት ሙዚየም አይቼ መጣሁ፤ እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ ብንሞክረው ምን እናስቀምጥበት?

የአብማው ልጅ

ሰላም የአገሬ ልጆች። አትሳቁብኝ። ወይም ሳቁና ከዚያ መልሱልኝ።

ባለፈው ዓመት አጎቴን ለሕክምና ይዤ ህንድ አገር ዴልሂ ሄጄ ነበር። የልብ ነገር ነው፣ አሁን ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ሌላው ባዶ ቀን በዛብን። ጣሪያ እያየን ከምንውል ብዬ የምናየው ነገር ሳፈላልግ፣ ፓላም በሚባለው በኩል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ የሽንት ቤት ሙዚየም አለ አሉኝ። ለአጎቴ ስነግራቸው «ሰው ታሞ መጥቶ ሽንት ቤት ሊጎበኝ?» አሉ። ጋቢያቸውን ግን እያጣፉ ነበር።

ያቋቋመው ሱላብ የሚባል ድርጅት ነው፣ በእ.ኤ.አ. 1992። ትልቅ ነገር አትጠብቁ፤ አንድ አዳራሽ ነው፣ ግድግዳው በሥዕልና በጽሑፍ ተሞልቶ። ታሪኩ ከ4,500 ዓመት በፊት ከነበሩት ከኢንዱስ ሸለቆ ሰዎች ይጀምራል። እንደ ሞሄንጆ ዳሮ ያሉት ከተሞቻቸው ከየቤቱ የሚወጣ፣ በጡብ የተሠራ የፍሳሽ ቦይ ነበራቸው። ያኔ! እኛ ሰፈር ዘንድሮም ቦይ የለም። ከዚያ የአውሮፓ ይመጣል። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ዙፋን አምሳያ አለ፣ መቀመጫው ሥር ቀዳዳ ያለው። ንጉሡ እዚያው ላይ ቁጭ ብሎ እንግዳ ያነጋግር ነበር ይባላል። አጎቴ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩትና «የኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሕግ አምላክ ሲባል ብድግ ይሉ ነበር ይባላል፤ ይኼኛው እንዴት አድርጎ ብድግ ይላል?» አሉ። አስጎብኚው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፣ መተርጎም አቃተኝ።

የመጻሕፍት ክምር የሚመስል መቀመጫም አለ። የዕቃ ሣጥን የሚመስልም አለ፤ አደን ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት። አጎቴ በሣጥኑ በጣም ተገረሙ፤ «ሌባ ቢሰርቀውስ?»

ሳቁ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የሙዚየሙ መሥራች ዶክተር ቢንደሽዋር ፓታክ ናቸው፣ በእ.ኤ.አ. 2023 ያረፉት። ልጅ ሳሉ፣ ቢሃር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በትውልዷ የተነሣ «አትንኳት» የምትባል ሴት ቤታቸው መጣች። እሳቸው እንደ ልጅ ነኳት። አያታቸው ታዲያ ለማንጻት ብለው የላም እበትና ሽንት አስዋጧቸው። በኋላ አድገው ዕድሜያቸውን የሰጡት ከሰው ቤት ዓይነ ምድር በእጃቸው እየዛቁ በቅርጫት ተሸክመው ለሚያወጡ ሰዎች ነው። ያንን ሥራ የሚያስቀር ሽንት ቤት አስፋፉ፤ ሁለት ጉድጓድ ያለው። አንዱ ሲሞላ ይዘጋና ፍሳሹ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። የተዘጋው በሁለት ዓመት ገደማ ሽታ የሌለው አፈር ይሆናል፣ ማሳ ላይ ይበተናል። የሚዝቀው ሰው ቀረ ማለት ነው።

አጎቴ እስከ ሆቴል ድረስ አልተናገሩም። ማታ ላይ «እኛስ ሸክላ ሠሪዋን ደጅ አቁመን አይደል ውሃ የምንሰጣት፣ ጣሳውንም ለብቻ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። የጤና ክበብ ልጆች ይኼን ስነግራቸው እኛም አንድ ክፍል ውስጥ እንሥራ ብለው ያዙኝ። ለኅዳር አስበናል። የዓለም የመጸዳጃ ቀን የሚባለው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ነው፣ ወደ ኅዳር 10 ይውላል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ኅዳር ሲታጠን ነው። ያው ቆሻሻ የምናቃጥልበት ሳምንት ነው፣ ገጠመልን። ግን ምን እናስቀምጥ? የፈረንሳይ ንጉሥ ወንበር የለንም። የኛ የሆነ፣ ከጎጃም የሆነ ዕቃ ወይ ታሪክ ያላችሁ ጻፉልኝ። ደግሞ በግልጽ ንገሩኝ፣ ነውር ነው እንዴ?

መንገደኛው 2

ነውርስ አይደለም፣ ቅንጦት ነው። ሙዚየሙን ተወውና ሽንት ቤቱን ሥሩ።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ አውቶቡሱ ምሳ የሚቆምበት አንድ ከተማ አለ፣ ስሙን አልጠራም። ባለፈው ፋሲካ እናቴን ይዤ ስመጣ ሽንት ቤት ፈለጉ። ምግብ ቤቱ በስተጀርባ ነው አሉን። ከፍለን ገባን። ወለሉን አልነግራችሁም፣ ምሳ ሰዓት ሊሆን ይችላል የምታነቡት። እናቴ በሩ ላይ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆሙ፣ ተመለሱ፣ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ሄዱ። የ70 ዓመት ሴት! እኔ ወደ መንገዱ ዞሬ ነጠላ ዘርግቼ ቆምኩ። ከዚያ እስከ ባሕር ዳር አንዲት ጠብታ ውሃ አልቀመሱም፤ በኋላ ዳግም እንዳይፈልጉ።

ስለዚህ አስተማሪ፣ ከልቤ ነው የምልህ፣ ተማሪዎችህ የሚያዩት ነገር ከፈለጉ ወደዚያ ምግብ ቤት ውሰዳቸው። መግቢያውን እኔ እከፍላለሁ።

የሞጣዋ

መንገደኛው፣ እናትህ ውሃ ያልጠጡበትን ምክንያት ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ለዚያ ነው የምጽፈው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ በእግሬ።

የኔ አገር ሁለት እጁ እነሴ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ቀን ቀን ብዙ አትበላም፣ ብዙ አትጠጣም። የጾም ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ ስትወጣ ከታየች ነውር ነው፤ ወንዱ ግን አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ከመንገደኛ ጋር ሰላም ይባባላል። እሷ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች ወይም ሲጨልም ትጠብቃለች። ሲጨልም ደግሞ ጅብ አለ። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው ተጠራርተው ይወጣሉ። «ወገብ እንሞክር» ይባባላሉ፣ በሹክሹክታ።

በእ.ኤ.አ. 2004 አካባቢ የትራኮማ ፕሮግራም መጣ፣ የካርተር ማዕከል የሚደግፈው። በአማራ ክልል በዓመቱ 10,000 ሽንት ቤት ይሠራል ተብሎ ታስቦ ወደ 90,000 ተሠራ። እኛ ወረዳ ደግሞ በኋላ ተመራማሪ መጥቶ ያጠናው ነው። ማን ገፋው መሰላችሁ? ሴቶቹ። ባል ካልቆፈረ ራት የለም ያለች ጎረቤት ነበረችን፣ ይኼን በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለ ዓይን በሽታ የተባለውን ትምህርት ሁሉም ሰምቶታል፣ ሴቶቹ ግን ለዓይን ብለው ብቻ አይደለም፤ ቀን ቀን መውጣት ስለፈለጉ ነው። ማዕከሉን ያቋቋሙት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር ራሳቸው በዚህ የሽንት ቤት ዝና ይቀልዱ ነበር።

የዓይኑም ነገር እውነት ነው፣ ሳይገባችሁ እንዳያልፍ። ትራኮማን፣ ማዝ የምንለውን፣ ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን ከሚያደርሱት አንዷ ያቺ ዓይን ላይ የማትነሣው ዝንብ ናት። እሷ በደንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ውስጥ አይመቻትም። ሽንት ቤት ዝንብ ያመጣል እያሉ ሲከራከሩኝ የኖሩ አባቶች ነበሩ፤ ስለ ሌላ ዝንብ ነው የሚያወሩት። ዓይን ላይ የምታርፈውን ያራባት ሜዳው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ወረንጦ አስቀምጥ። ገባህ? ትራኮማ ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ቅንድቡ፣ ማለቴ ሽፋሽፍቱ፣ ብሌኑን ይፍቃል። አያቴ ወረንጦዋን ከማተቧ ጋር አስራ ነበር የምትዞረው። እሷ ስትደክም እኔ ነበርኩ የምነቅልላት፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ፀሐይ ወዳለበት አዙሬያት። የሉዊን ዙፋን ተወው፣ ያቺን ወረንጦ መስታወት ውስጥ አድርጋትና ሥሯ «ሽንት ቤት ስላልነበረ» ብለህ ጻፍ።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው። አዎ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ። ቤት ለቤት ስዞር የሽንት ቤቱ በር ተቆልፎ አገኛለሁ። «ለምን ተቆለፈ?» ስል «እንዳይቆሽሽ» ይሉኛል። ወረዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይቆለፋል። አንዱ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ አግኝቻለሁ፣ አሥራ ሁለት እንቁላል። መዝገቤ ላይ «ሽንት ቤት፦ አለ» ብዬ ጻፍኩ፣ ምን ልበል፣ አለ።

ግንበኛው (ደጀን)

የሞጣዋ እህቴ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ ስለ ቁፋሮና ስለ ቱቦ ልጨምር፣ እንጀራዬ ነውና።

አስተማሪ፣ ተማሪዎችህን አንድ ነገር አሳያቸው፣ ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ግዛ፣ ውኃ ልክ የምንለካበትን ዓይነት። እንደ እባብ አጥፈህ ሰሌዳ ላይ ሰካው፣ ቀለም ያለው ውሃ አፍስስበት። ያፈሰስከው ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ የገባው ግን ጉብጠቱ ላይ ይቀራል። ያ የቀረው ውሃ ነው ሽታውን ከታች የሚያግደው። እኛ ሲፎን እንለዋለን። ከእጅ መታጠቢያ ሥር የምታየው ጉብጥ ቱቦ እሱ ነው። በሩም በረኛውም ውሃ ነው።

ይኼን ማን አሰበው? ሰዓት ሠሪ! አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ በእ.ኤ.አ. 1775 የፈጠራ መብት ያወጣበት። ከሱ በፊት በ1596 ጆን ሃሪንግተን የሚባል የእንግሊዟ ንግሥት የክርስትና ልጅ በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ሠርቶ ነበር፤ ሽታውን የሚይዝ እንዲህ ያለ ጉብጠት ግን አልነበረውም፣ ሳይስፋፋ ቀረ። ጉብጠቱ ነው ሽንት ቤትን ከጓሮ ወደ ቤት ያስገባው። እንግዲህ ደንበኞቼ አዲስ ቪላ ሠርተው «ሽንት ቤቱ ይሸታል፣ መድኃኒት ግዛልን» ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ያንን ነው። ወይ ሲፎን የለውም፣ ወይ ሳምንት ሳይጠቀሙበት ውሃው ደርቋል። አንድ ኩባያ ውሃ ጨምሬ ሽታው ሲጠፋ ሂሳብ መጠየቅ ያሳፍራል። እጠይቃለሁ ግን።

ስለ ሁለት ጉድጓዱ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ፤ ቢቸና፣ እነማይ፣ ሸበል አካባቢ ዋልካ አፈር ላይ ለሞከረ ሰው ግን ሌላ ጣጣ አለ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ኅዳር ላይ አምሮ የተቆፈረ ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ከነቤቱ ተኝቶ ታገኘዋለህ። «መንግሥት አስቆፍሮኝ ወደቀብኝ፣ ዳግም አልቆፍርም» የሚል ገበሬ ብዙ ነው፣ አልፈርድበትም። መፍትሔው ክብ መቆፈር ነው፣ አራት ማዕዘኑን መተው። ክብ ጉድጓድ እርስ በርሱ ይደጋገፋል። አፉን ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል በድንጋይ መገንባት፣ ድንጋይ ከሌለ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ጠምዞ ማስገባት። ከላይ በኩል ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ። ከጉድጓድ ውሃ ደግሞ 30 ሜትር ራቅ፣ ከውሃው በታች በኩል እንጂ በላይ በኩል አይሆንም። ይኼ የመጨረሻው ሲጣስ ነው አተት፣ አጣዳፊው ተቅማጥና ትውከት፣ የሚመጣው።

አንድ ጥያቄ አለኝ ግን፣ ለሁላችሁም። ሙዚየሙ ላይ ቆፋሪው የት ነው የሚቀመጠው? ሦስት ሜትር ወርዶ፣ አየር አጥሮት፣ አፈሩ ይናድብኛል እያለ የሚቆፍረው ሰው? የሞላ ጉድጓድ የሚመጠጥ መኪና ሳይኖር በባልዲ የሚያወጣውስ? እኔ የማውቀው አንድ ሰው አለ፣ ስሙን የሚያውቅ የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ በሥራው ነው የሚጠራው። ሠርግ ላይ ሲጠሩት አላየሁም። ጠላ ቤት ለብቻው ነው የሚቀዳለት። የህንዱን እያነበባችሁ የምታዝኑ ካላችሁ እሱም እዚሁ ደጀን አለ።

የዲማው

ልጆቼ፣ እኔ ሰውዬው ሸምገል ብያለሁ፣ የምጽፈውም በልጄ ስልክ ነው፤ ስሕተት ካለ ይቅር በሉ።

ነውር ነው ወይ ላልከው፣ ልጄ፣ ነውር ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አይጻፍም ነበር። ዘዳግም 23 ላይ ለእስራኤል ልጆች ከሰፈር ውጭ የምትወጣበት ቦታ ይኑርህ፣ መቆፈሪያም ያዝ፣ ቆፍረህ ትቀመጣለህ፣ ከአንተም የወጣውን ትከድንበታለህ ይላል። ምክንያቱም እግዚአብሔር በሰፈርህ መካከል ይሄዳልና። እኔ ዲማ ጊዮርጊስ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ይኼን የኔታ ካነበቡልን በኋላ ነው መቆፈሪያ ይዘን መውጣት የጀመርነው። ከዚያ በፊት ያው ጫካ ነበር። መቶ ተማሪ በአንድ ጫካ! ክረምት ሲመጣ ወራጅ ውሃው ያን ሁሉ አጥቦ ወደ ምንጩ ይወርዳል፣ እኛም ከምንጩ ቀድተን በሶ እንበጠብጣለን። አንድ ክረምት ስንቱ ተማሪ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ዓይነ ጥላ ነው ተባለ፣ ሥር ተማሰ፣ ጠበል ተጠጣ። ስለ ምንጩ ያነሣ ግን አልነበረም።

ሎንዶን ስለሚባለው አገር ልጄ ያነበበልኝን ልንገራችሁ። ኮሌራን በአየር፣ በክፉ ሽታ የሚመጣ ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በእ.ኤ.አ. 1854 የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ቢያጣራ አብዛኞቹ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ሆኑ። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ እሱም በኋላ ነገሩን በካርታ አሳየ። እንዲያም ሆኖ ሹሞቹ ቶሎ አላመኑትም። በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ሽታ ራሱ ምክር ቤቱ ውስጥ ሲገባባቸው ግን፣ መጋረጃውን መድኃኒት ነክረው ቢሞክሩም አልሆን ሲላቸው፣ ያኔ ለፍሳሽ መስመሩ ገንዘብ ፈቀዱ። ሹም የሚሰማው በአፍንጫው ነው ማለት ነው።

ለሙዚየምህ ደግሞ ቃላቱን ጻፍባቸው፣ እየጠፉ ነው። ውጭ ወጣ። ሜዳ ወጣ። ዘወር አለ። እዳሪ ወጣ። ወገቡን ሞከረ። የኛ ሰው ነገሩን በስሙ አይጠራም፤ ቢሆንም አምስት ስም አውጥቶለታል። መቆፈሪያዬን እስካሁን አልጣልኩትም፣ እጀታው ወይራ ነው። ከፈለግህ እልክልሃለሁ፣ ግን ትመልስልኛለህ።

ከሱወን

የቡሬ ልጅ ነኝ፣ ኮሪያ ነው የምማረው። የምኖርበት ሱወን ከተማ ውስጥ ሙሉ ቤቱ የሽንት ቤት መቀመጫ ቅርጽ ያለው ሙዚየም አለ፤ ቀልድ አይደለም፣ ከላይ ስታየው ነጭ መቀመጫ ነው። የከተማዋ ከንቲባ የነበሩ ሲም ጄ ዶክ የሚባሉ ሰው በእ.ኤ.አ. 2007 መኖሪያ ቤታቸውን አፍርሰው ያሠሩት ነው። ሲሞቱ ለከተማው ተሰጠ። ስሙ ሄውጄ ይባላል፣ ጭንቀት የሚፈታበት ቤት እንደማለት። የዲማው አባታችን የጻፉትን ሳነብ ሳቅኩ፣ እነሱም በስሙ አይጠሩትም ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ያሉ ሰዎች ሐውልት ሞልቷል። ሕፃናት ከጎናቸው ቁጢጥ ብለው ፎቶ ይነሣሉ። ነውር ነው ወይ የሚል ሰው አላየሁም፣ አንድ የኔው አገር ልጅ ብቻ «ፎቶ አታንሣኝ» አለኝ። ሰውዬው እኔ ነኝ።

መንገደኛው 2

እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም። የሞጣዋ ወረንጦ ግን ገባኝ። የኔም አያት ነበራት፣ ለጆሮ ማውጫ ይመስለኝ ነበር፣ እግዜር ይይልኝ።

ግን አስተማሪ፣ አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ልጆቹ ሙዚየሙን አይተው ሲወጡ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር ላይ መድረስ አለባቸው። የእጅ መታጠቢያ ከሌለ አንድ ሃይላንድ ክዳኑን በምስማር ብሱና ገልብጣችሁ ስቀሉት፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ቧንቧ አያስፈልገውም። አጠገቡ አመድ ወይ ሳሙና። ሴት ልጆች ወር ሲመጣ በሩ የሚዘጋበት ሽንት ቤት ስለሌለ ብቻ አራት ቀን ከትምህርት ይቀራሉ፣ እህቴ ትቀር ነበር። ከውስጥ የሚቆለፍ ቁልፍ አሠራ። የሞጣዋ ያለችው ቁልፍ ከውጭ ነው፤ የኔው ከውስጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስቀላቸው።

የሞጣዋ

መንገደኛው፣ የቁልፉ ነገር እኔም አላሰብኩትም ነበር። ተሸንፈሃል በቃ።

አንድ ላርም። ከላይ ስለ ቁጥር የጻፍኩት ሁሉም በሪፖርት የተረጋገጠ እንዳይመስላችሁ። በአገር ደረጃ በእ.ኤ.አ. 1990 ከ100 ሰው 92ቱ ሜዳ ይወጣ ነበር፣ በ2015 ወደ 29 ወርዷል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያወጡት ነው። ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ሽንት ቤቱን የቆፈረው ሰው ስላስገደደው ብቻ አይደለም። ዶሮዋ ግን እውነት ናት።

የአብማው ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እስካሁን የያዝነውን ልንገራችሁ።

የዲማው አባቴ መቆፈሪያ በመንገድ ላይ ነው፣ እመልሳለሁ፣ በመድኃኔዓለም። ቱቦው ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ሻይ አፍስሰውበት ጠረጴዛውን አበላሹት፣ ግን ገባቸው። ቁልፎቹን ሁለቱንም ገዛሁ። ከውስጥ የሚቆለፈውን ሁለት ነው የገዛሁት፣ አንዱ ለሙዚየም፣ አንዱ ለሴቶቹ ሽንት ቤት ለራሱ፣ ትናንት ተገጠመ። ወረንጦ ፈልጉ ብዬ አርባ ሁለት ተማሪ ላክሁ፣ አሥራ አንድ ወረንጦ መጣ። አሥራ አንድ! ይኼን አልጠበቅኩም። የአንዷ ባለቤት አሁንም እየተጠቀሙበት ስለሆነ ማታ ይመለስልኝ ብለዋል፤ ልጅቷ ያንን ስትነግረኝ ለጤና ጣቢያው ደወልን፣ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ ስማቸው ተይዞላቸዋል።

አጎቴ ሸክላ ሠሪዋን ይዘው መጡ። የህንዱን የሽንት ዕቃ በስልኬ አሳየናት፣ ፖፖ በሸክላ ሥሪልን አልናት። «ለዚህ ነው ቤታችሁ ድረስ የጠራችሁኝ?» ብላ ሳቀች። አጎቴ ወንበር ሰጧት፣ ቡናም ጠጣች፣ በኛው ሲኒ። እሳቸው ግን ቡናውን ሲጠጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የልቡ ይሁን የሌላው አላውቅም።

ግንበኛው፣ ላንተ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው የዘገየሁት። እኛ ሰፈርም አንድ ቆፋሪ አለ። ሄጄ የክብር እንግዳ ሁንልን፣ ቆመህ ስለ ሥራህ ለልጆቹ ንገራቸው አልኩት። መጀመሪያ የማላግጥበት መስሎት ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሁለተኛ ሄድኩ። ሦስተኛ ስሄድ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን ጠረገና «የሚከፈለኝ በሜትር ነው በቀን?» አለኝ።

በቀን ተስማማን።